ጀርባ የሌለው መደብ

«ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደጋግፎ ቆመ፣
እም… እም እም እም… እም እም እም…»

ዘፈኑ ሁልጊዜ እዚህ ላይ ይሰበርበታል። የመጀመሪያው ስንኝ እንደ ተጠረበ ድንጋይ ሙሉ ነው፤ ሁለተኛው ግን ዜማውን ትቶ ቃሉ እንደ አሸዋ በጣቶቹ መካከል ሾልኮ ከሄደ ብዙ ዘመን ሆነው። ዛሬ ጠዋትም አልጋው ላይ ሆኖ ያንጎራጉራል። በግራው ትራስ፣ በቀኙ ትራስ፣ ከጀርባው የተጠቀለለ ብርድ ልብስ፣ ከጉልበቱ ሥር የልጁ የድሮ ካፖርት ተደርጎለት፣ በጭድ ውስጥ እንደ ተሸጎጠ እንቁላል ተቀምጧል። ሚስቱ የአጃ ሾርባ ሳህኑን ጭኗ ላይ አስደግፋ ማንኪያውን ወደ አፉ ዘረጋች።

«በል አፍህን ክፈት።»

«ጫጩት ነኝ እንዴ?»

«ጫጩትስ በሆንክ! ጫጩት ሲጎርስ አይከራከርም።»

ጎረሰ። ሾርባው በግራው የከንፈሩ ጥግ ቁልቁል ወረደ፤ እሷ በፎጣ ጫፍ ጠረገችለት። ፎጣው አገጩን ሲነካ ዓይኑን ወደ ግድግዳው መለሰ። ያን ግድግዳ የሠራው እሱ ነው። በሰው እጅ መጉረስን ግን ከማን ይማረዋል?

ሰፈሩ የሚያውቀው ቱንቢ በሚል ቅጽል ስም ነው። ቱንቢ በሲባጎ ጫፍ የሚንጠለጠል ሹል ብረት ነው፤ ግንበኛ ግድግዳው መቅናት አለመቅናቱን የሚጠይቀው እሱን ነው። ሌሎች ግንበኞች ሲያስታውሱ ያወጡታል። እሱ ግን ሳይጠይቀው የሚያስቀምጠው ድንጋይ አልነበረም። አንድ ጊዜ የአንድ ሀብታም አጥር ደረት ድረስ ከደረሰ በኋላ ሲባጎውን አንጠለጠለና ዝም ብሎ አየው። ከዚያ ጫማውን አጥብቆ አሠረ፣ ራሱ የደረደረውን ግድግዳ በርግጫ ጣለው። ባለቤቱ ራሱን ይዞ ጮኸ፤ ጣት የማታክል መጥመም እኮ ናት፣ ዓይን እንኳ አያያትም!

«ዓይን ይዋሻል ጌታዬ፣ እጅም ይዋሻል። ቱንቢ ግን ሽማግሌ ነው፤ ለማንም አያደላም» አለው።

አብሮት የሚሠራው፣ ግድግዳ የሚለስነው ጓደኛው፣ ያን ዕለት «እኔ በልስን እሸፍንልህ የለ?» ቢለው፣ «ልስን ኃጢአት አይሸፍንም» ብሎ መለሰለት። ከዚያ ወዲህ የጓደኛውም ስም ልስን ሆኖ ቀረ።

መኖሪያ ቤቱንም ከሥራ ሲመለስ በየማታው፣ ትርፍ ድንጋይ በጋሪ እያመጣ፣ ራሱ ነው የገነባው። ሊጋቡ ሰሞን ወጥ ቤቱ መካከል፣ ከጠረጴዛው አጠገብ፣ የድንጋይ መደብ ሠራ። ያን ጊዜ እጮኛው የነበረችው ሚስቱ መጥታ አየችውና «ጀርባውስ?» አለችው።

«ቀጥ ብሎ ለሚቀመጥ ሰው ጀርባ ምን ያደርግለታል?»

ልጆቻቸው እዚያ መደብ ላይ አደጉ። የጎበጠ ልጅ ካለ ከኋላው በጣቱ መታ መታ ይደረጋል፤ ልጁም ዓይኑን ከሳህኑ ሳያነሣ አከርካሪውን ያቀናል። የእሱ የራሱ ቦታ በመስኮቱ በኩል ያለችው ጫፍ ነበረች። ማታ ማታ ሲሚንቶውን ከክንዱ ታጥቦ፣ እዚያች ጫፍ ላይ ሲቀመጥና እንጀራውን ሲቆርስ፣ ቀኑ ያኔ ነው ለእሱ የሚመሸው።

አንድ ጠዋት ፊቱን ሲታጠብ ቀኝ እጁ ከሳፋው ወጣ፣ ግራው ግን ውሃው ውስጥ ቀረ። «ነይ እስቲ፣ እጄ እንቢ አለኝ» ብሎ ሲጠራት ቃሉ በአፉ ውስጥ ወፍሮ ወጣ። ሚስቱ መጥታ አፉ ወደ አንድ ወገን መሳቡን ስታይ ፎጣዋን እንደ ያዘች በባዶ እግሯ መኪና ፍለጋ ወጣች። ስትሮክ ነው ተባለ። ነፍሱ ተረፈች፤ አእምሮውም፣ ምላሱም፣ ቀልዱም ከእነ ጨዋታው ተመለሰ። ግራ ጎኑ ግን እንደ ተጠራ እንግዳ ዘገየ።

የባሰው ደግሞ ሌላ ነበር። ሲያስቀምጡት ወደ ግራ ያዘነብላል። ማዘንበሉ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ እሱ ግን ቀጥ ያልኩ እኔ ነኝ ባይ ነው። ሊያቀኑት ሲሞክሩ በጤነኛ እጁ ፍራሹን ገፍቶ፣ «ኧረ ልትጥሉኝ ነው!» እያለ ይታገላቸዋል። ከሆስፒታል ቤቱ ሲገባ መጀመሪያ የጠየቀው ጥያቄ ሚስቱን አስደነገጣት።

«ይኼን የበር መቃን ማን ነካው?»

«ማን ይነካዋል? አንተው እንደ ተከልከው ነው።»

«ጠሟል! ግድግዳውም አብሮት ጠሟል። ልስን ነው፤ ሳልኖር ገብቶ አንድ ነገር ቀባብቷል። ልነሣና ቤቱን አፈርሰዋለሁ።»

እሷ ከት ብላ ሳቀች። ወጥ ቤት ገብታ በሩን ስትዘጋ ግን የሳቋ ድምፅ ተለወጠ።

ሚስቱ የትምህርት ቤት ልብስ በሚሰፋበት ፋብሪካ ውስጥ ሰፊ ናት። የተፈቀደላት ዕረፍት ሊያልቅ ተቃርቧል። በሌላ ከተማ የሚኖረው ትልቁ ልጃቸው በስልክ ቆርጦ ተናግሯል፤ «አባዬ እኔ ጋ ይመጣል። ባለቤቴ ቤት ናት፣ ፎቁም አሳንሰር አለው። ከእንግዲህ ብቻውን መዋል አይችልም።» በክፋት አይደለም፤ ልጅ ነውና ፈራ። ሚስቱም ስልኩን ስትዘጋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነገሩን ሳትሸፋፍን ነገረችው።

«ብቻህን ተቀምጠህ ብቻህን መብላት ከቻልህ፣ ቀን ቀን ቤትህ ትውላለህ፤ ጎረቤትም ብቅ ይልልሃል፣ እኔም ማታ እመጣለሁ። ካልቻልህ ግን…»

ካልቻልህ ግን የሚለውን አልጨረሰችውም። እሱ ጨረሰው፣ በሆዱ። ድንጋይ በድንጋይ ላይ ደርድሮ ከሠራው ቤት እንደ አሮጌ ቁም ሳጥን ተሸክመውት ሊወጡ ነው። ማታስ ከፋብሪካ ደክሟት ስትገባ ማን ነው «መጣሽ?» የሚላት?

በሳምንቱ ከሆስፒታሉ የተላከች ፊዚዮቴራፒስት፣ የአካል ማለማመጃ ባለሙያ፣ መጣች። ጫማዋ ዝቅ ያለ፣ ፀጉሯ ወደ ኋላ የታሠረ፣ ቀጭን ወጣት። ክፍሉን ገርመም አድርጋ የመጀመሪያ ቃሏ ይኼ ሆነ፤

«ይኼ ሁሉ ትራስ ለማን ነው?»

«ለሱ ነዋ፣ እንዳይወድቅብኝ» አለች ሚስቱ። የጎረቤቱን ሁሉ ትራስ የለመነችው እሷ ናት።

«እትዬ፣ ከዚህ ሁሉ ትራስ መሐል ወድቆ የተጎዳ አላየሁም። ከዚህ ሁሉ ትራስ መሐል ተነሥቶ የተቀመጠም አላየሁም።»

እሱ ለሚስቱ አገዘ። «ኮንክሪት ሳይደርቅ ያቀፈው ጣውላ አይነቀልም፣ ልጄ።»

«ጣውላው ካልተነቀለስ መድረቁ በምን ይታወቃል፣ ጋሼ?»

አያት። ከታመመ ወዲህ እንዲህ ያለ መልስ የሰጠው ሰው አልነበረም። ሁሉም «አይዞህ» ነበር የሚለው። «ይቺማ ፎርማን ናት!» አለ፤ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ፎርማን ሆነች።

ፎርማኗ ትራሶቹን አንድ በአንድ እያነሣች ለሚስቱ አስታቀፈቻት። ከዚያ ወደ አልጋው ጠርዝ አመጣችው፤ ሁለቱንም እግሮቹን ወለሉ ላይ አስረገጠችና በግራው በኩል በርጩማ ላይ ተቀመጠች።

«አሁን ቀጥ ብለዋል?»

«እንደ ምሰሶ!»

ሰውነቱ በሙሉ እሷ ትከሻ ላይ ነበር።

«እስቲ የበሩን መቃን ይዩትና ከሱ ጋር ይስተካከሉ።»

«መቃኑማ ጠማማ ነው ብያለሁ! ከጠማማ ጋር ተስተካከል ትይኛለሽ?»

ሚስቱ ትራስ እንዳቀፈች ቆማ ነበር። ትራሶቹን ወለሉ ላይ ለቀቀቻቸውና ወጣች። ከደረጃው ሥር የተቀመጠ የሥራ ከረጢቱን ስትጎትት፣ ብረት ከብረት ሲላተም ተሰማ። ስትመለስ ቱንቢው በእጇ ላይ ነበር። የደረቀውን ሲሚንቶ እፍ ብላ አራገፈች፤ ሲባጎውን በመቃኑ አናት ላይ ካለው ሚስማር አሠረችና ለቀቀችው።

ብረቱ ሄደ፣ መጣ። ሄደ፣ መጣ። እየቀነሰ፣ እየቀነሰ፣ በመጨረሻ እንቅልፍ እንደ ወሰደው ሕፃን ጸጥ አለ። ሲባጎውና መቃኑ ከላይ እስከ ታች እንደ መንታ ወንድማማቾች ጎን ለጎን ቆመው ነበር።

ቱንቢ ቱንቢውን አየ። ሥጋው ሁሉ ይጮሃል፤ ጠሟል፣ ሲባጎውም ጠሟል ይላል። እንዲህ ያለ ጩኸት ከገዛ አካሉ ሰምቶ አያውቅም።

«ንፋስ አለ?»

«መስኮቱ ዝግ ነው» አለች ሚስቱ።

«ሰው ነክቶታል?»

«ማንም።»

ድምፁ ዝቅ ብሎ ወጣ። «እንግዲያው ጠማማው ግድግዳ እኔ ነኛ።»

አንገቱን ነቅነቅ አድርጎ «ይፍረሳ!» አለ።

«አይፈርስም ጋሼ፣ ይቃናል» አለች ፎርማኗ። «እስቲ ይንገሩኝ፣ የትኛው እጅዎ ነው የሚጥልዎት?»

«ግራዬ ነዋ፣ ይኼ ዋልጌ።»

«ግራዎ ምስኪን ነው፣ ምንም አላደረገም። ቀኝዎን ይዩት።»

አየው። ቀኝ እጁ ፍራሹን ጨምድዶ ይዞ፣ ክንዱ ተገትሮ፣ በኃይል ይገፋል። የሚገፋውም እሱኑ ነው፤ ወደ ግራ።

«የፈራ እጅ ነው» አለችው። «ያዳንኩት መስሎት ይጥልዎታል።»

ዕድሜ ልኩን ድንጋይ ያነሣለትን እጅ፣ ከቤቱ ሲሰርቅ እንደ ተያዘ የልብ ወዳጅ ትክ ብሎ ተመለከተው። «ታዲያ ምን ላድርገው? ልቁረጠው?»

«ሥራ ይስጡት። ሥራ የያዘ እጅ አይገፋም።»

የቱንቢ ትምህርት በዚህ ተጀመረ። በቀኙ በኩል፣ ትንሽ ራቅ ተደርጎ፣ ብርጭቆ ይቀመጣል፤ ለመድረስ ፍራሹን መልቀቅና ወደ ቀኝ መሄድ ግድ ነው። ከታጠበ ልብስ ውስጥ ካልሲ ከነጓደኛው ይፈልጋል፤ ያገኘውን በቀኙ ወዳለው ቅርጫት ይወረውራል። ሸሚዝ ሲለብስ የደከመው እጅ መጀመሪያ ይገባል። «እንግዳ ይቅደም» እያለ ግራ ክንዱን በቀኙ እያባበለ ወደ እጅጌው ያስገባዋል። ሲነሣ በጎኑ ዞሮ፣ እግሮቹን ከአልጋው አውርዶ፣ በክርኑ ይነሣል። ሽንት ቤት ወንበር ላይ ራሱን ችሎ የተቀመጠ ዕለት ከውስጥ ሆኖ በዜማ ነበር የተጣራው፤ ሚስቱም ከበሩ ውጭ በጭብጨባ ተቀበለችው። ሲታክተው ይሳደባል፤ አንዳንድ ቀን ግድግዳው እንደገና ጠማማ ሆኖ ይታየዋል። ያኔ ዓይኑን ወደ ሲባጎው ይወረውራል፤ ሰውነቱ «ወደቅህ» ሲለው ሲባጎው «አልወደቅህም» ይለዋል፣ እሱም ሽማግሌውን ያምናል።

ሚስቱም ትምህርት ነበራት፣ የሷ ደግሞ ይከብድ ነበር። ፎርማኗ «እርስዎ እጅዎን ወደ ኋላ ያጣምሩ» ብላታለች። እሱ በተወዛወዘ ቁጥር እጆቿ ከኋላዋ እርስ በርስ ይታገላሉ።

አልጋው ጠርዝ ላይ፣ ግድግዳውን በቀኙ አድርጎ፣ መቀመጥ ቻለ። መደቡ ግን ሌላ ነገር ነው። ግድግዳ የለውም፤ ጀርባም የለውም። አንድ ከሰዓት በኋላ ልስን ሊጠይቀው መጥቶ፣ ደግፎ መደቡ ላይ አስቀመጠውና በግራው ተቀመጠ። ቱንቢ የድንጋዩን ጠርዝ በቀኙ ያዘ። እጁ ወዲያው ፈራ፤ ገፋ። እንዳለ ተዘርፍጦ ልስን ጭን ላይ ወደቀ።

«ኧረ ተው! ዕድሜህን ሙሉ የገዛ ግድግዳህን ስታፈርስ ኖረህ ዛሬ ደግሞ ግድግዳው በኔ ላይ ፈረሰ!» አለ ልስን እያቃናው።

«ምን ላድርግ፣ ልስኑ ነው ያልያዘው!»

ሁለቱም ዓይናቸው እንባ እስኪሞላ ሳቁ። ልስን ሲሄድ ግን ቱንቢ እራቱን አልጋው ላይ ይሁንልኝ አለ፣ ከማንኪያውም ጋር አልተከራከረም። ሚስቱ ከሁሉ የፈራችው ይኼን ነበር፤ አለመከራከሩን።

ልጃቸው የመጣው እናቱ ወደ ፋብሪካ ልትመለስ በዋዜማው ነው። መኪናውን በር ላይ አቆመ፤ የኋላውን ወንበር ብርድ ልብስ አንጥፎበታል። እናቱን ስሞ፣ አባቱን ስሞ፣ የአባቱን ሻንጣ ፍለጋ ዓይኑን ሲያዞር እናቱ ጭልፋዋን ከፍ አደረገች።

«መንገድ ከምሳ በኋላ ነው። ምሳ ደግሞ እዚህ ቤት መደብ ላይ ነው የሚበላው።»

«እማዬ፣ አባዬ እኮ…»

«ሰምተኸኛል።»

ቱንቢ ከተሽከርካሪ ወንበሩ ወደ መደቡ ተሻገረ፤ እግሮቹን አስተካክሎ፣ ወደ ፊት አጎንብሶ፣ እንደ ተማረው። ቦታው ላይ፣ በመስኮቱ በኩል ባለው ጫፍ፣ ተቀመጠ። ድንጋዩ ከሱሪው በታች ቀዝቃዛና የታወቀ ነበር። ቀኝ እጁ ግን የመደቡን ጠርዝ ይዟል። ፊቱ የድንች ሾርባ ተቀዳለት፣ ዳቦ ተቆረሰለት፣ ማንኪያው በቀኙ ተቀመጠለት። ልጁ ከፊት ለፊቱ ሆኖ መብላት ሳይጀምር ያየዋል።

ነገሩ ግልጽ ነው፤ ሊበላ የሚችለው እጅ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ድንጋዩን የያዘው እጅ ነው። ቢለቀው ይወድቃል። ካልለቀው ደግሞ ብርድ ልብሱ መኪናው ላይ ተነጥፏል።

የሾርባው እንፋሎት እየሳሳ ሄደ።

«አባዬ፣ ላጉርስህ?» አለ ልጁ ቀስ ብሎ።

ቱንቢ ፍርሃቱን ሊሸፍን ማንጎራጎር ጀመረ።

«ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደጋግፎ ቆመ፣
እም… እም እም…»

ሚስቱ ጀርባዋን ሰጥታ ድስቱን ታማስል ነበር። ሳትዞር፣ በሰው ፊት አውጥታው በማታውቀው ቀጭን ድምፅ፣ ስንኙን ተቀበለችው።

«አንቺን ያጣ ጎኔ ቀስ ብሎ ጠመመ።»

ቱንቢ አንገቱን ወደ እሷ አዞረ።

«ምን አልሽ?»

«ያልኩትን።»

«እሱ ነው! እሱ ነው እኮ! ታውቂው ነበር?»

«አንተ አይደለህ ይኼን መደብ ስትሠራ የዘፈንክልኝ? አሸዋ አቀብልህ አልነበር?»

«ታዲያ ይኼን ሁሉ ዘመን እም እም ስል ዝም ትያለሽ?»

ዞረች። ፊቷ ከምድጃው ሙቀት ይሁን ከሌላ ነገር ቀልቷል። «ካገኘኸው ማንጎራጎርህን ብትተውስ ብዬ ነዋ።»

«አንቺ ሴትዮ! አንቺ ሴትዮ!» አለ፣ ጣቱን እያወዛወዘባት።

ልጁ ማንኪያውን አየር ላይ እንደ ያዘ ቀረ። ሚስቱ ጭልፋውን ድስቱ ውስጥ ለቀቀችና ሁለት እጆቿን ከኋላዋ አጣመረች። ቱንቢ የሁለቱን ፊት አየ፣ ከዚያም የሚያዩትን ነገር አየ፤ የገዛ ጣቱን፣ ከድንጋዩ ርቆ፣ ወደ ሚስቱ ተቀስሮ።

ወዲያው ሰውነቱ ጮኸ፤ ወደቅህ አለው። ዓይኑን በተከፈተው በር አሻግሮ ወረወረ። ቱንቢው ሚስማሩ ላይ ሳይነቃነቅ ተንጠልጥሏል። ትከሻውን ከሲባጎው ጋር ቀስ ብሎ አስተካከለው፤ ትንሽ ወደ ቀኝ፣ እንደገና ትንሽ፣ በቃ። ጣቱን አጠፈ። እጁም ወደ ድንጋዩ ሊመለስ ዝቅ አለ፤ መንገድ ላይ ግን ሥራ ሰጠውና ማንኪያውን አስያዘው።

«አባዬ…»

«ምን ታየኛለህ? ያን ብርድ ልብስ በኋላ ከመኪናህ አምጣው፤ ለእናትህ እግር ይሆናል። አሁን ብላ፣ አትጎብጥ።»

ልጁ አከርካሪውን አቀና።

ሚስቱ ሳህኗን ይዛ መጥታ በግራው በኩል፣ ትራሱ ይከመርበት በነበረው ቦታ፣ ተቀመጠች። አልነካችውም። በመካከላቸው አንድ መዳፍ የምታክል ባዶ ቦታ ትታ፣ ዓይኗን ሳህኗ ላይ አደረገች።

ሾርባው ቀዝቅዟል፤ ጨውም አንሶታል። ቱንቢ ማንኪያውን ሞላ፣ ወደ አፉ ወሰደ፣ ዋጠ፤ እንደገናም ሞላ።